ማንም የላትም የተባለችው

ጥቅምት 3

ለተከበርሽው፣ ለተማርሽው፣ ዶክተር ለመባል ሁለት ምዕራፍ ለቀረሽ እትዬ፤

ደህንነትሽን አልጠይቅም። ሦስት ገጽ ሙሉ ስትወቅሺኝ እጅሽ አለመዛሉን አይቼ ደህና መሆንሽን ተረድቻለሁ። እኔም ወቀሳሽን እግሬን ዘርግቼ፣ ሻይ እየጠጣሁ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁና ደህና ነኝ።

መጀመሪያ የሥራውን ልመልስልሽ፤ አለዚያ አትለቂኝም። የተሞሉትን መጠይቆች በላስቲክ ጠቅልዬ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፤ ይህም ደብዳቤ ከነሱ ጋር ነው የሚጓዘው። «ሁለት ወረቀት ላይ መልሱ ቃል በቃል አንድ የሆነው ለምንድን ነው? ራስህ ሞላኸው እንዴ?» ላልሽው፣ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን እንደ ደንቡ «ባለፈው ዓመት ለበጎ አድራጎት ምን ሰጡ? ለምን ሰጡ?» ብዬ ስጠይቀው ወደ ጓዳ ዞር ብሎ አየና «እሷ ያለችውን ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። ይኸም ወንጀል ነው? ሌላው ደግሞ «ለምን ይሰጣሉ?» ስለው «በሬን የሚያንኳኳው ሰው ቶሎ እንዲሄድልኝ» አለና ለእኔም ሳንቲም አውጥቶ ሰጠኝ። ይህንን የትኛው ሣጥን ውስጥ ምልክት ላድርግበት? እናንተ ቢሮ ተቀምጣችሁ ሰው ለምን ደግ እንደሚሆን ታጠናላችሁ፤ እኔ፣ ስምንተኛ ክፍልን በመስኮት ዘልዬ የወጣሁት፣ የሰው ውሻ እያባረረኝ መልሱን እለቅምላችኋለሁ። ግድ የለም፤ ሥራውን ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ፣ ውለታሽ ራሴ ላይ ነው።

ስለ አክስታችን ለጠየቅሽው፣ ደህና ናት። ስልክ የማታነሳው ጉንፋን ቢጤ ይዟት ድምፅዋ ስለተዘጋ ነው። ሌላ ምን አለ? ጣራው አያፈስም። ድመቷ ወልዳለች።

እሺ። ጉንፋን አይደለም።

የልብስ ድርጅቱን ታውቂዋለሽ፤ ሰው የጠገበውን ልብስ ሰብስቦ ለሌለው የሚያድለውን፣ አክስታችን በየሳምንቱ በነጻ እየሄደች የተቀደደ የምትጥፍበትን፣ የረገፈ ቁልፍ የምትተክልበትን። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ። (ስሙን መጥራት አፌን ስለሚያቆሽሸው ከረባት ነው የምለው። ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለኝም።) አክስታችን የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ክር በጥርሷ ስትበጥስ አነሷት። ከዚያ ከፎቶው ላይ መኪናውን ቆርጠው ጣሉት፣ ክሩንም ቆርጠው ጣሉት። ክር የሚበጥስ ሰው ክሩን ሲወስዱበት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። አሁን መናኸሪያው ግድግዳ ላይ የበር ያህል ሆና ተሰቅላለች። ከሥሯ በሩቅ በሚነበብ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ይህች እናት ማንም የላትም። እጅዎን ይዘርጉላት።»

ማንም የላትም! ታዲያ እኔ ምኗ ነኝ? የድመቷ አጎት? አንቺስ? ሁለት ወላጅ አልባ አንጠልጥላ፣ አፍንጫችንን ስትጠርግ ወጣትነቷን የጨረሰችው ለማን ነበር?

ሰፈሩ ደግሞ አያሳርፍም። ባለሱቁ፣ ሳሙና ልገዛላት ሄጄ ዋጋውን ስጠይቀው «ለእሷ በነጻ ነው» ብሎ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። አንዷ ሴትዮ ደጃችን ላይ ያረጀ ቀሚስ ጥላ ሄደች፤ ቀሚሱን ገልብጬ ባየው ጠርዙ ላይ ያለው ስፌት የራሷ የአክስታችን ነው። ያለፈው ወር በነጻ የሰፋችላት!

ከዚያን ቀን ወዲህ አክስታችን ከቤት አትወጣም። ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰፋለች። ከረባትን በደንብ አድርጌ ስረግመው «ተወው» ብቻ አለችኝ። እኔ ልተወው? ብድር በምድር ነው፣ እትዬ። በቁሙ፣ ሰው እያየው፣ ከረባቱ እንደታሰረ ነው የምበቀለው።

አንቺ የተማርሽ ነሽና ይህን ብቻ ንገሪኝ፤ ሰው «ማንም የላትም» ሲባል ነው እንዴ ኪሱ የሚፈታው?

ታናሽሽ


ጥቅምት 11

አንተ ቁንጫ፤

ሰላምታዬን ታገኘዋለህ፣ ቆይ። ደብዳቤህን የከፈትኩት ቢሮ ውስጥ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከድመት መውለድ ቀጥለህ እንዳትጽፍልኝ።

ለጠየቅከኝ፣ አዎ። የእኛም ጥናት ያንኑ ነው የሚያሳየው። ሰው ለብዙ ችግረኛ ከመስጠት ይልቅ ለአንድ ፊት መስጠት ይቀለዋል። ፊቷን አይቶ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ «ዘመድ አላት» ካልከው ግን «ታዲያ ዘመዶቿ ምን ይሠራሉ?» ብሎ እጁን ባዶውን ያወጣዋል። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች ዘመዱን ከፎቶው ላይ ይቆርጡታል። ይህን ሠንጠረዥ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አለቃዬም አመስግኖኛል። ሠንጠረዥ ላይ ግን ክር የምትበጥስ ሴት አትታይም።

አሁን ስማኝ። መጠይቁ ላይ እንዳትጫወት። አንድ ሰው የሰጠህን መልስ ብትለውጥ የብዙ ሰው ድካም ገደል ይገባል፤ የእኔም የሥራ ቅጥር ገና አልጸናም። ቂምህን ደጅ ሰቅለህ ነው ወደ ሰው ቤት የምትገባው። ከረባት ያልከውን ሰውዬ በአክብሮት ሄደህ «አውርዱልን» በለው። በአክብሮት ማለት ሳትስቅ፣ ሳታላግጥ፣ ድምፁን ሳታስመስል ማለት ነው።

እኔም ልመጣ ነበር። ያለፈው ዓመትም ልመጣ ነበር፣ ካቻምናም፤ ሪፖርት ሲያልቅ ሌላ ሪፖርት ይወልዳል፣ እንደ ድመትህ። ለአክስቴ ሻርፕ በሹፌሩ ልኬያለሁ፤ ከሻርፑ ውስጥ የቋጠርኩትንም ስጣት። ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ? እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 19

ለሠንጠረዥ ንግሥት፤

ሻርፑ ደርሷል። ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አድርጋ «ጥሩ ጨርቅ ነው» አለችና እጥፉን ሳትፈታ ሣጥን ላይ አኖረችው። የቋጠርሽውም እንደተቋጠረ ነው። ስለ አንቺ ለጠየቅሽኝ፣ አልጠየቀችም። እውነቱን ጻፍ ስላልሽኝ ነው።

ከረባት ጋ በአክብሮት ሄድኩ። ጸጉሬን በውኃ አስተኝቼ፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ በዱላው «ዞር በል፣ የእደላ ቀን አይደለም» አለኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ የቆሙትን ሁሉ እንዲሁ እንደ ዶሮ እሽ ይላቸዋል። ለጥናት ነው የመጣሁት ስለው ነው ያስገባኝ።

«አቤት ወጣቱ?» አለኝ ከረባት።

«ጋሼ፣ መናኸሪያ የተሰቀለችው ሴትዮ አክስቴ ናት።»

«ጎሽ! ታድለሃል። የስንቱን ልብ ነካች መሰለህ።»

«ማንም የላትም ይላል። እኔ ግን አለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጫማዬ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆየ። «አንተ?» አለና ሳቀ። እትዬ፣ ያንን ሳቅ አስቀምጬዋለሁ። «አክስትህን ራሷን ጠይቃት» አለኝ። «ለማንኛውም ልብ የነካ ነገር አይወርድም።»

ራሷን ጠይቃት! ምኗን ነው የምጠይቃት፣ ቁስሏን? የዚህን ሰው ዓይን አውጣነት አየሽልኝ?

ልወጣ ስል ጠራኝ። «ቆይማ፣ መጠይቅ የምታዞረው ልጅ ነህ አይደል? በጥናታችሁ የትኛው ድርጅት ጥሩ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ ይታወቃል ይባላል። ምን ምኑን ነው የሚያዩት?» ድምፁ ወዲያው ማር ማር አለ።

እግዜር ምላሴን ይይልኝ፣ ሳላስበው ነው የወጣው።

«ምስጢር ነው ጋሼ። ቢሰሙ ያባርሩኛል።»

ራሱ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ዋናው ፕሮፌሰር በመጠይቅ አያምኑም» አልኩት። «የተቀዳደደ ለብሰው፣ ችግረኛ መስለው በየድርጅቱ በር ላይ ይቆማሉ። እንዴት እንደተቀበሏቸው አይተው ነው የሚጽፉት።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«እሱን ማን ያውቃል? ሽማግሌ ይሁኑ ጎልማሳ እንኳ እኔ አላየኋቸውም።»

ከረባቱን ላላ አደረገው። ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መጠይቅ አልነካሁም፣ ሠንጠረዥሽንም አልነካሁም። አንድ ሰው ጆሮ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትንኝ ብቻ ነው ያስገባሁት።

ታዛዥ ወንድምሽ


ኅዳር 1

እትዬ፤

«አሁኑኑ ሂድና ውሸት ነው በለው» የምትለው ባለ አንድ መስመር ደብዳቤሽ ደርሳኛለች። አጭር ስትጽፊ ያምርብሻል። ግን ልሄድ ስል እንዲህ ያለ ነገር አየሁና እግሬ እምቢ አለኝ።

ያ ዘበኛ ዱላውን ጥሎ «ይግቡ ጌታዬ፣ ይግቡ እመቤቴ» ይላል። ደጃፉ ላይ ወንበር ተደርድሯል፣ ትራስ ያለው። መጥረጊያ ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ ተይዞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ካፖርት ደርቦ ወጣ፤ አሁን በየቀኑ መጥረጊያ ይዞ ይመጣል። አንዲት አሮጊት ጫማ ሲለኩ ከረባት ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሲያስርላቸው በዓይኔ በብረቱ አየሁት። «ጠበበዎት እናቴ? ሐሳብዎን ይንገሩኝ፣ ማንኛውንም ሐሳብ» ይላቸዋል። እሳቸው «ልጄ፣ ጤና የለህም እንዴ?» ይሉታል። ለብቻው እያወራ የሚሄደውን የሰፈራችንን ሰውዬ ደግሞ እስከ መታጠፊያው ተከትሎት «በአስተያየትዎ በጣም እንስማማለን» ሲለው ነበር።

ሳቅኩ። ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ለአክስታችን በእንቅስቃሴ እያሳየሁ ስነግራት እሷም መርፌዋን ይዛ ፈገግ አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ግን ምን ሆነ መሰለሽ? ሰው ከረባትን ይመርቀው ጀመር! «እንዲህ ያለ ትሑት ሰው» ይሉታል። ባለሱቁ «እሱ እኮ መልአክ ነው» አለኝ። ልበቀለው ብዬ አስመረቅኩት! ሌሊት ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ አድሬ ትራሴን ልበላው ደርሻለሁ። ተበቃይ ነኝ ያልኩት ሰውዬ የድርጅቱ ትልቁ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ አረፍኩት። ይህንንም በመጠይቅሽ ውስጥ ጻፊው፤ «ለምን በነጻ ያገለግላሉ?» ለሚለው «በቂም» በይ።

ስለዚህ ሥራው አላለቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ድርጅቱ ለጋሾቹን ሁሉ ሰብስቦ በአዳራሽ ጉባኤ ያደርጋል። ጋሽ ገመድን ታስታውሻቸዋለሽ? መናኸሪያ ሻንጣ የሚሸከሙት፣ ገመዳቸው ከትከሻቸው የማይወርደው። አምና በብርዱ ካፖርት ሊጠይቁ ሄደው ያ ዘበኛ ገፍትሮ ጥሏቸው ክንዳቸው ወልቆ ነበር። እሳቸውን «ጉባኤው ዕለት ይሂዱ፣ ደህና አድርገው ይቀበሉዎታል» አልኳቸው። ከረባትን ደግሞ «ገመድ ትከሻቸው ላይ ያደረጉ ሰው ካዩ፣ እኔ ምንም አልነገርኩዎትም» አልኩት።

ዓይኑ በራ። አትቆጪ። የሚመጣውን ብቻ ጠብቂ።

ቁንጫሽ


ኅዳር 7

ወንድሜ፤

ይህን የምጽፈው እየቸኮልኩ ነው፤ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል።

አቁም። ለጋሽ ገመድ «አይሂዱ» በላቸው። ከዚያ ድርጅት ተረጂዎች የሰበሰብካቸውን መልሶች ሳይ ሌሎች ዘንድ ያላየሁት ነገር ሆነብኝ፤ ተረጂው ሁሉ «ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ ጫማዬን አሰሩልኝ» ይላል። አለቃዬ «ይህ ድርጅት ተአምር ነው፣ ለብቻው ምዕራፍ እንጻፍለት» ብሎኛል። የአንተን ውሸት ነው ምዕራፍ የሚያደርገው! ልነግረው ነው፤ ከነገርኩት በኋላ እዚህ መቆየቴን እንጃ።

ከረባት ይፈር፣ እሺ። ፈገግ አልኩ ብልህ አልዋሽም፤ ጫማ ማሰሩን ለሁለት ባልደረቦቼ አውርቼላቸው አብረን ስቀናል። ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ያንተ ነገር። ሽማግሌውን በአንተ ቂም መሀል አታቁማቸው።

ሻርፑን ለምንድን ነው የማትለብሰው? ቀለሙን ጠላችው? ሌላ ልላክ?

እህትህ


ኅዳር 12

እትዬ፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጉባኤው ማግስት ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳበት። ቀድሞ ቢደርስስ ልታዘዝ ነበር? አልነበረም። እኔም አልዋሽሽም።

አንድ ባንድ አልተርክልሽም፣ ስቀሽ ቢሮ ውስጥ ትዋረጃለሽ። ይህን ብቻ ልንገርሽ። ጋሽ ገመድ በአዳራሹ በር ብቅ እንዳሉ ከረባት ንግግሩን አቋርጦ ከመድረክ ወርዶ ሮጠ። የራሱን ኮት አልብሶ፣ ክንዳቸውን ይዞ ከለጋሾቹ ሁሉ ፊት ከዋናው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ማይክሮፎኑን ሰጣቸው። ያን እኔ አላዘዝኩም፤ እግዜር ራሱ ነው ያዘዘው።

ምን እንዲሉ አላጠናኋቸውም። ማይክሮፎኑን እንደ ዱላ ጨብጠው እንዲህ አሉ፦ «አምና ስመጣ ዘበኛ ተቀበለኝ። ዘንድሮ ስመጣ ኮት አለበሳችሁኝ። እኔ ያው እኔ ነኝ፤ ገመዱም ያው ነው። ምን አግኝታችሁብኝ ነው?»

ከረባት ግን እየሳቀ፣ ለለጋሾቹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ፕሮፌሰር፣ የአምናው ስህተት ታርሟል፤ እባክዎ ሪፖርትዎ ላይ እንዳይገባብን» አላቸው።

«ፕሮፌሰር ማን ነው?» አሉ ጋሽ ገመድ።

እትዬ፣ የዚያን ሰው ፊት ብታዪው! መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ወንበሮች ተመለከተና እኔን አገኘኝ። እኔም ያንን ያስቀመጥኩትን ሳቅ መለስኩለት። «አንተ?» ብሎ እንደሳቀው አድርጌ፣ ከነድምፁ። እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የጠጣሁት።

ለጋሾቹ በነጋታው ተሰብስበው ከሥራው አገዱት። ከረባቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ ይላሉ፤ ይህችን ግን ሰው የጨመራት ትመስለኛለች፣ ለክፉም ለደጉም ወድጃታለሁ። ጋሽ ገመድ ኮቱን አልመለሱም። ልክክ ብሎላቸዋል።

ይህን ሁሉ ለአክስታችን ስነግራት ግን አልሳቀችም። «ሰውዬው ልጆች አሉት?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ምን ማለቷ ነው?

ብድር መላሹ


ኅዳር 19

ወንድሜ፤

ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጮኸ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅኩም። ምዕራፉ ተሰርዟል። የዚያ ድርጅት መጠይቅ እንደገና ይሞላል፤ የምሞላው እኔ ነኝ፣ በራሴ ወጪ። ከቅጥሬ ያላወጣኝ ለዚህ ነው። አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት እንዳትይዝ።

ስለዚህ እመጣለሁ። ሁለት ቀን ነው የምቆየው፤ ሥራው በጊዜ ካለቀ በዚያው አክስቴንም አያታለሁ። ንገራትና ደስ ይበላት።

በሹፌሩ በቃል የላክህልኝ «ከረባት እቤት ድረስ መጣ» የሚለው ምን ማለት ነው? ሊደበድብህ ነው? ምን አላችሁ? ለምንድን ነው በወረቀት ያልጻፍከው? አንተ ጽፈህ የማትጨርሰው ሰው እንዴት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትልካለህ? ፎቶውስ ወረደ?

እህትህ


ኅዳር 24

እትዬ፤

ያልጻፍኩት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ዛሬም ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ለድመቷ አልጋ አድርጌላታለሁ።

ከረባት መጣ፤ ያለ ከረባት። አንገቱ ቀጭን ነው ለካ። እኔ መጥረጊያውን አንስቼ በር ላይ ቆምኩ። እሱ ግን እኔን አልፎ አክስታችንን ነው ያየው። «እመቤቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግሩልኝ ነው የመጣሁት» አላት። «ይህ ልጅ ስምዎን ያጠፋሁ መስሎታል። የተበቀለኝ ለዚህ ከሆነ፣ እውነቱን ይንገሩት።»

«ምን እውነት?» አልኩ።

«ፎቶ ያነሳን ዕለት ‹ማን አለዎት?› ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹ማንም የለኝም› አሉኝ። የእሳቸውን ቃል ነው የጻፍኩት። ሳይሰቀል በፊትም ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ።»

ውሸታም ልለው ዞር ብዬ አክስታችንን አየኋት። እትዬ፣ መርፌዋን አላቆመችም። የያዘችውን እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዋሸሁ?» አለችኝ።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

«አንዷ በሹፌር እጅ ተጠቅልላ ነው የምትመጣው» አለች፤ «አንዱ ለእንቅልፍ ብቻ ነው የሚመጣው። በሽታዬን ከማን ጋር እንዳስታመምኩ ታውቃላችሁ? ከጨርቁ ጋር። ‹ማን አለዎት› ሲለኝ አሰብኩ፤ ቶሎ አልመለስኩም። አስቤ ነው የመለስኩት።» ለካ፣ ከረባት ፎቶውን ሊያሳያት ሲያመጣው «ጽሑፉን ተለቅ አድርገው፣ መናኸሪያ ስቀለው፣ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሁሉ እንዲያየው» ያለችው ራሷ ናት። ከቤት ያልወጣችው አፍራ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ማን እንደሚመጣ ልታይ ነው የተቀመጠችው። እኔ ስመጣ ስለ ከረባት እያወራሁ፤ አንቺ ስትመጪ ሻርፕ ሆነሽ።

ተንኮል ከማን እንደወረስኩ ገባኝ። እኔ አንድ ከረባት ያለው ሰውዬ ላይ ወር ሙሉ ስለፋ፣ እሷ በሁለታችን ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ወርውራ እጅጌ ትሰፋለች።

ለዘበኛው፣ ለጋሽ ገመድ ክንድ፣ ለዚያ «አንተ?» ለሚለው ሳቅ የመለስኩትን አልጸጸትበትም፤ ደግሜም እመልሰዋለሁ። ወንበሮቹም ደጃፉ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፕሮፌሰር የለም ቢባልም ልቡ አላመነም። ከረባት ግን ሲወጣ በሩን ያዝኩለት። ያን ያህል ነው።

ፎቶው ወረደ ወይ ላልሽው፣ አልወረደም። ከረባት «እንደ ምንም ብዬ አስወርድልዎታለሁ» ሲላት «ማን አውርድ አለህ?» ብላ ተቆጣችው።

«ሁለት ቀን ነው የምቆየው፣ በዚያው አያታለሁ» ያልሽውን አነበብኩላት። እንድትደሰት ንገራት ብለሽ የለ? መቀሷን አስቀመጠች። «በዚያው ከሆነ ድርጅቱ ደጃፍ ባለ ትራስ ወንበር አለ፣ እዚያ ትቀመጥ» አለች። «ለእኔ ከሆነ ግን ትምጣ። ሻርፕ አትላክ፤ ሻርፕ የሚላከው ለተረጂ ነው።»

ስሚና ቁርጡን ልንገርሽ። እኔን መናኸሪያው መሀል፣ መንገደኛ እየተሻማ በሚያልፍበት ሰዓት፣ ከፎቶዋ ፊት አቁማ ጮክ ብዬ እንዳነበው አደረገችኝ። ተራ አስከባሪው፣ ሹፌሮቹ፣ ጋሽ ገመድ በአዲሱ ኮታቸው፣ ሁሉም ቆመው ሰሙኝ። ድምፄን ዝቅ ሳደርግ «አልተሰማም፣ ድገም» ትለኛለች። አንቺም ስትወርጂ እንዲሁ ነው የምታነቢው፤ ያ እስኪሆን ድረስ ግድግዳው ላይ ትቆያለች። ንፋሱ አንዱን ማዕዘን እያነሳ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ መልሼ እለጥፈዋለሁ፣ ፊቷንም በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። አስወርዳታለሁ ብዬ የማልኩት ሰው ጠባቂዋ ሆኜ ቀረሁ።

ትላንት አንዲት መንገደኛ ስጠርግ አይታ ቆመች። «ልጄ፣ ምንህ ናት?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። እንዳልመልስ ተከልክያለሁ። «እሷ ስትመጣ፣ ሁለታችሁ አንድ ላይ ትመልሳላችሁ» ብላለች።

ወንድምሽ